የሥነ ጽሑፍ መጽሔት 25ኛ ዓመት፦ የአልባሳት ምሽትና የገቢ ማሰባሰቢያ በአንድ ላይ እንዴት ይሠራል?

የኅዳግ_ማስታወሻ
ሰላም ለመድረኩ። ጉዳዩ የአንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት 25ኛ ዓመት ነው። እንግዶች የገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሰው የሚመጡበት ምሽት ታስቧል። 150 ሰው፣ አንድ አዳራሽ፣ የቀረው 10 ሳምንት። ዓላማው የመጪውን ዓመት የአራት እትሞች የኅትመት ወጪ ማግኘት ነው። እስካሁን በወረቀት ላይ ያለው፦ ትኬት፣ የአለባበስ ውድድር፣ የጽሑፍ ጨረታ (እንግዳው በየዕቃው ቅጽ ላይ የሚጫረትበት)፣ ንባብ። የትኬቱ ዋጋ በምን ይሰላ? አለባበሱ ላይ ምን ያህል እንጥበቅ? ጨረታው ላይ ምን ይቀመጥ? ያልታየኝ ነገር ካለም አትለፉኝ።

ሒሳብ_ሹም
ከትኬቱ ልጀምር። ወጪውን ለሁለት ክፈሉት፦ ሰው መጣም ቀረም የሚከፈለው ቋሚ ወጪ (አዳራሽ፣ ድምፅ፣ መብራት፣ ኅትመት) እና በእያንዳንዱ ሰው ልክ የሚጨምረው (መስተንግዶ፣ ለበዓሉ የሚታተም መታሰቢያ ቅጂ)። ቋሚው 6,000፣ የነፍስ ወከፉ 30፣ ትኬቱ 80 ነው እንበል። ከአንድ ትኬት የሚተርፈው 50 ነው፤ 6,000 ለ50 ሲካፈል 120 ይሆናል። እስከ 120ኛው ትኬት ድረስ መጽሔቱ እጅ ላይ የሚገባ ሳንቲም የለም።

ይህን ስሌት ብዙ አዘጋጅ ይሠራውና እዚያው ያቆማል። ነጻ የሚገቡትን ጨምሩበት እስቲ። በ25 ዓመት የጻፈ፣ የሣለ፣ ያረመ ሁሉ ይጠራል። 25 ሰው በነጻ ከገባ ከፋዩ 125 ነው። ገቢ 125 በ80፣ 10,000። ወጪ 6,000 እና 150 በ30፣ በድምሩ 10,500። አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ፎቶው አምሮ፣ 500 ከስራችኋል።

ትኬቱን ማስወደድ መድኃኒቱ አይደለም። ዋጋው ሲንር መጀመሪያ የሚቀረው ጸሐፊውና ተማሪው ነው፤ ለልብሱ ሦስት ሳምንት የሚጨነቁትና ምሽቱን ምሽት የሚያሰኙት ደግሞ እነሱ ናቸው። ቋሚ ወጪውን ቆራርጣችሁ ለደጋፊ አቅርቡ። «ስፖንሰር ሁኑን» ከማለት «የአዳራሹን ኪራይ ሸፍኑልን» ማለት ይሻላል፤ ሰጪው የሰጠውን ያውቀዋል። ኪራዩ 3,000 ቢሆንና አንድ ደጋፊ ቢይዘው፣ ያው 125 ትኬት ከ500 ኪሳራ ወደ 2,500 ትርፍ ይዞራል። ከዚያ በላይ የሚፈለገው ገንዘብ ከትኬት አይመጣም፤ አዳራሹ ውስጥ በ10 ደቂቃ ከሚደረገው የልገሳ ጥሪ ነው የሚመጣው።

አጋፋሪ
ሒሳብ ሹም ትክክል ነው፤ ግን ያ 10 ደቂቃ በአልባሳት ምሽት ላይ የሚበላሽበት አንድ ተራ ምክንያት አለ። ልብሱ ኪስ የለውም። ንግሥት ሆና የመጣች እንግዳ ቦርሳዋ ልብስ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነው፤ ስልኳም እዚያ ነው። ጓንት ያደረገው ስልክ ቢይዝም ስክሪኑ አይታዘዝለትም። ጭምብል ያጠለቀው የጨረታ ቅጹን ማንበብ አይችልም። ሰው ለመስጠት ልቡ ተነሥቶ እጁ ባዶ ይሆናል፤ ዕቃ ማስቀመጫው ድረስ ሄዶ እስኪመለስ ስሜቱ በርዷል።

መላው ቀላል ነው። እያንዳንዱ እንግዳ ከምሽቱ በፊት የመክፈያ መንገዱን ያስመዘግባል፤ በር ላይ ቁጥር ይሰጠዋል። ጨረታውም፣ ልገሳውም፣ መጠጡም፣ የውድድሩ ድምፅም በዚያ ቁጥር ይመዘገባል፤ ሲወጣ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ቁጥሩን በእጅ ማሰሪያ ላይ ብቻ አታድርጉት፣ ረጅም እጅጌ ይሸፍነዋል። በገመድ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ የፖስት ካርድ መጠን ያለው ካርድ ይሁን፤ ቁጥሩ 5 ሴ.ሜ ቁመት ይኑረው፣ በሁለቱም ገጽ ይታተም። ከ101 ጀምሩ። 6 እና 9 ያለበትን ቁጥር ከሥሩ አስምሩበት፤ 161 ተገልብጦ ሲያዝ 191 ነው፣ ከ101 እስከ 250 ባለው ውስጥ ደግሞ ሁለቱም አሉ። የአንዱ ልገሳ በሌላው ሒሳብ ላይ ሲወድቅ ሁለቱንም ደጋፊዎች ታጣላችሁ።

የበሩን ሰልፍም አስሉት። ክፍያ በር ላይ ሲመዘገብ በትንሹ 45 ሰከንድ ይወስዳል። 150 ሰው ማለት 112 ደቂቃ ተኩል ነው፤ በሁለት ጠረጴዛ እንኳ 56 ደቂቃ። ቀድሞ የተመዘገበ ሰው ግን በ15 ሰከንድ ያልፋል፣ በሁለት ጠረጴዛ 19 ደቂቃ ገደማ። ያልተመዘገቡት ለብቻቸው ሦስተኛ ጠረጴዛ ይኑራቸው፤ ሰልፉን አያስቁሙት።

ነጠላ_ሰረዝ
አጋፋሪ ላይ አንድ ልጨምር፦ የእንግዳ ዝርዝሩን በስም ፊደል ተራ አትደርድሩት። አንዱ ትኬት ሲገዛ «ኃይሉ» ብሎ ጽፏል፣ በር ላይ ያለው ልጅ «ሀይሉ» ብሎ ይፈልጋል፣ ኮምፒዩተሩ «የለም» ይላል። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ጸ እና ፀ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። በትኬት ቁጥር ደርድሩ፤ ስሙ ለማረጋገጫ ብቻ ይሁን። ደግሞ ግማሹ እንግዳ ስሙን ሲጠየቅ የገጸ ባሕርዩን ስም ነው የሚናገረው፣ ቀልዱን መከልከል አይቻልም።

ስለ አለባበሱ፦ «እንደምትወዱት ገጸ ባሕርይ ለብሳችሁ ኑ» የሚል ጥሪ ግማሹን ሰው ያስፈራል። ሰው የሚቀረው ልብስ ስለሌለው ሳይሆን ምን ያህል መልበስ እንዳለበት ስላላወቀ ነው። ጥሪው ላይ በሦስት ደረጃ ጻፉት፦ አንድ ምልክት ብቻ (ባርኔጣ፣ ጭምብል፣ ደረት ላይ የተሰፋ ፊደል)፤ ከቁም ሣጥን በተገኘ ልብስ የተዋቀረ፤ ሙሉ በሙሉ የተሰፋ። ሦስቱም በእኩል እንደሚከበሩ በግልጽ ይጻፍ።

ቀለም መገደብም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1966 ኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ውስጥ የተደረገው የጥቁርና ነጭ ድግስ ከ500 በላይ ሰው ነበረበት፤ ደንቡ ግን ሁለት ቀለምና ጭምብል ብቻ ነበር፣ ጭምብሉም እኩለ ሌሊት ላይ ይወልቃል። የገንዘብ ማሰባሰቢያ አልነበረም፤ ደንቡን ግን መዋስ ይቻላል። ሁለት ቀለም ሲሆን ያላዘጋጀ ሰው ከቤቱ የሚያወጣው አያጣም፣ ፎቶውም ይዋሃዳል።

የገጸ ባሕርይ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ በመጽሔቱ ውስጥ በ25 ዓመት የታተሙት ታሪኮች አሉላችሁ። ከትኬቱ ጋር የ20 ገጸ ባሕርያት ዝርዝር ላኩ፤ ለእያንዳንዱ የእትሙን ቁጥርና ልብሱን የሚጠቁም አንድ ዓረፍተ ነገር። የቆየ እትም የሚፈልግ ሰው ይበዛል፣ ያም ሽያጭ ነው። ሌላው አማራጭ የአርታኢውን ጠረጴዛ መልበስ ነው፦ የፊደል ግድፈት፣ የተሰረዘ አንቀጽ፣ ውድቅ የተደረገ ረቂቅ። አራት ነጥብ ሆነው በቡድን የሚመጡ አራት ሰዎች ዓረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ብቻ ይገባሉ። ሁለት ነጥብ የሆኑት ጥንዶች በየሰው መካከል ሲቆሙ ያመሻሉ፤ ዛሬ ማንም አይጠቀምባቸውም ብላችሁ አትቀልዱባቸው።

የሚከለከለውም ይጻፍ፦ የሌላ ሕዝብን መልክ በቀለም መቀባት፣ የሃይማኖት አገልጋይ ልብስን መቀለጃ ማድረግ፣ እውነተኛ የሚመስል መሣሪያ። ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ጭምብል በር ላይና ክፍያ ላይ ይወልቃል።

መርፌና_ክር
ከአሮጌ እትሞች ልብስ የሚሠራ መኖሩ አይቀርም፣ ስለዚህ ይህን ያዙ። መቀስ ከመነሣቱ በፊት ከእያንዳንዱ እትም 5 ቅጂ ለማኅደር ይቀመጥ። የሚያብረቀርቀው የሽፋን ወረቀት ለልብስ አይሆንም፤ ሙጫ አይዝም፣ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል። የውስጡ ደብዛዛ ወረቀት ነው የሚታጠፈው። ወረቀቱ ለብቻው ልብስ አይሆንም፤ ከሥሩ የጥጥ ቀሚስ ወይም ካናቴራ ይኑር፣ ወረቀቱም በላዩ ይሰፋ። በሙጫ ብቻ ከተያዘ መጀመሪያ የሚቀደደው ብብት ሥር ነው፣ ቀጥሎ ሰውዬው ሲቀመጥ ከወገብ በታች። ስለዚህ ብብቱና ወገቡ ጨርቅ ይሁን፣ ወረቀቱ ደረትና ቀሚስ ላይ ይሁን። ለቀሚስ እያንዳንዱን ገጽ በ2 ሴ.ሜ ወደፊትና ወደኋላ እያጠፋችሁ ማራገቢያ አድርጉት፣ የላይኛውን ጫፍ ብቻ ስፉት፣ የታችኛው ረድፍ ከላይኛው ሥር 5 ሴ.ሜ ይግባ። የስፌት ማሽኑን ርምጃ ረዘም አድርጉት (4 ሚ.ሜ)። መርፌው ተቀራርቦ ከወጋ ወረቀቱ እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበጣጠሳል። ላብ ቀለሙን ያስለቅቃል፤ አንገት ላይ የጨርቅ ኮሌታ አድርጉ።

እሳት! የወረቀት ልብስ ባለበት አዳራሽ የሚነድ ሻማ አይገባም፤ ጠረጴዛ ላይ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። ማጨሻው ቦታ በር ላይ ሰው ይቁም። በጠረጴዛዎች መካከል ያለው መተላለፊያም ከተለመደው ይስፋ፣ 1.2 ሜትር። ሰፊ ቀሚስ የጨረታ ዕቃ እየጠረገ ይሄዳል።

ሳይለብስ ለሚመጣው ደግሞ በር ላይ ቅርጫት ይኑር፤ ለ150 እንግዳ 30 ያህል ዕቃ ይበቃል። ግማሽ ጭምብል በካሬ ሜትር 300 ግራም ከሚመዝን ካርቶን ይቆረጣል። ቀዳዳው ላይ ከውስጥ በኩል ፕላስተር ለጥፉ፣ አለዚያ ሪባኑ ይቀድደዋል። ሪባኑ በእያንዳንዱ ጎን 45 ሴ.ሜ። ላስቲክ አታድርጉበት፤ መነጽር ያለውን ሰው ጆሮ ላይ ያሰቃያል። በእንጨት የሚያዘውም ያምራል እንጂ አንድ እጅ ይወስዳል፤ በሌላው ብርጭቆ ከያዘ በምን ይጫረታል? የፊት ቀለም የምትቀቡ ካላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ክንድ ላይ ይሞከር።

የኅዳግ_ማስታወሻ
ኪስ የሚባለው ነገር ጭራሽ አልታሰበም ነበር፤ ምዝገባው ዛሬውኑ ትኬቱ ላይ ይገባል። ስለ ጨረታው፦ አንድ ደጋፊ «አሸናፊው አንድ ግጥሙ በመጪው እትም ይታተምለት» የሚል ሐሳብ አምጥቷል፤ ከፍ ያለ መነሻ ዋጋም እሰጣለሁ ብሏል። ውድድሩንስ በገንዘብ ድምፅ ብናደርገውስ?

ማተሚያ_ቤት
የመጀመሪያውን እንቢ በሉ፣ ያለ ምንም ማለሳለሻ። የመጽሔት ሀብቱ «ይህን የመረጠው አርታኢ ነው» የሚለው እምነት ነው። አንድ ገጽ ከተሸጠ ሌሎቹም ገጾች ተሽጠዋል ተብለው ይጠረጠራሉ፤ በነጻ የጻፈው ገጣሚም ይከፋል። ረቂቅን ከወረፋ አስቀድሞ ማንበብም ያው ነው። ለዚያ ደጋፊ በምትኩ ሌላ አቅርቡለት፦ አርታኢው 10 ገጽ ረቂቁን አንብቦ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጠዋል፤ ይታተም አይታተም ግን ከጨረታው ውጭ መሆኑ በቅጹ ላይ ይጻፍ።

ጨረታ ላይ ለ150 ሰው ከ12 እስከ 15 ዕቃ ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ተጫራቹ ይበተንና ዕቃው በመነሻ ዋጋው ይሄዳል። ከመጽሔት ቤት የሚገኝ ጥሩ ዕቃ ሞልቷል፦ የ25 ዓመት ሙሉ ጥራዝ፣ በአርታኢው እጅ ቀይ የበዛበት የእርማት ቅጂ (ጸሐፊው ከፈቀደ)፣ ገጣሚው ራሱ በእጁ የገለበጠው ግጥም፣ የሽፋን ሥዕል የመጀመሪያ ንድፍ፣ በሚቀጥለው ታሪክ ውስጥ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ስም የማውጣት መብት። የመጨረሻው በጣም ይወደዳል፣ ጠብም ያመጣል። ደራሲው ስሙን የመቃወም መብት እንዳለው፣ ገጸ ባሕርዩ ደግ ይሁን ክፉ ተጫራቹ እንደማይወስን፣ ታሪኩ የሚወጣበት የመጨረሻ ጊዜ፤ ሦስቱም ቅጹ ላይ ይስፈሩ። የድሮ ደብዳቤዎችን ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት። ወረቀቱ የእናንተ ቢሆንም የጽሑፉ መብት የላኪው ወይም የወራሾቹ ነው፣ የግል ጉዳይም ይኖርበታል። ሳይፈቀድ አይሸጥም።

መነሻ ዋጋ ከግምቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ጭማሪው 10 በመቶ ገደማ። የጭማሪ መስመሮቹ ቅጹ ላይ ቀድመው ይታተሙ፤ ተጫራቹ የአንገት ቁጥሩን ብቻ ይጻፍ። እስክሪብቶው በክር ይታሰር።

የመታሰቢያ ቅጂው በሽቦ የሚሰፋ ከሆነ የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ይሁን፤ 30 ገጽ ካላችሁ 32 ይሆናል፣ የተረፈችውን ሁለት ገጽ ለደጋፊዎች ስም ስጧት። ፎቶ 300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ)፣ ከጠርዝ ውጭ 3 ሚ.ሜ ትርፍ። የደጋፊ ስም የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ከምሽቱ 4 ሳምንት በፊት ይሁን፤ ቅጂው 7 ቀን ቀድሞ እጅ ይግባ። ለ150 እንግዳ 200 አሳትሙ።

አጋፋሪ
ውድድሩን በሁለት ክፈሉት። የሕዝብ ድምፅ በገንዘብ ይሁን፣ አንድ ድምፅ አንድ ትንሽ ልገሳ፣ በአንገት ቁጥሩ የሚመዘገብ። ዘመድ የበዛለት ያሸንፋል፣ ያሸንፍ፤ የተጠራው «የሕዝብ ተወዳጅ» እንጂ «ምርጥ» አይደለም። ምርጡን ሦስት ዳኞች ይስጡት፤ ቢያንስ አንዷ ልብስ የምታውቅ ትሁን። የልብስ ሰልፉ ላይ የሚወጣ 20 ሰው ብቻ፣ ለእያንዳንዱ 30 ሰከንድ፣ ጠቅላላ 10 ደቂቃ። ሎተሪ ያሰባችሁ እንደሆነ ግን በብዙ አገር ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ድምፅ_ማጉያ
ደረት ላይ የሚሰካውን ማይክ እርሱት። ዶቃው፣ ወረቀቱ፣ የአንገት ካርዱ ሁሉ እየተፋተጉ ድምፅ ማጉያው ላይ ዝናብ ይመስላሉ። በእጅ የሚያዝ ይሁን፤ መለዋወጫ ባትሪ መድረኩ ጥግ ይቀመጥ። አፍ የሚሸፍን ጭምብል ተነባቢዎቹን ያፍናል፤ አንባቢ ከአፍንጫ በታች ነጻ ይሁን። ጽሑፉ በ18 ነጥብ የፊደል መጠን፣ በሰፊ መስመር ይታተም፤ ገጾቹ አይሰፉ፣ አንድ በአንድ ይወረዱ። ሁለት አንባቢ፣ ለእያንዳንዳቸው 4 ደቂቃ። ቆማችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ ለኩት፤ በዓይን የተነበበ 4 ደቂቃ መድረክ ላይ 7 ይሆናል።

የልገሳ ጥሪው ሲጀመር የአዳራሹን መብራት አብሩት። ሁሉም ድባብ ይበላሻል ብሎ ይፈራል፤ በጨለማ ግን የማንም ቁጥር አይታይም።

ሒሳብ_ሹም
ጥሪው ላይ ከላይ ወደ ታች ውረዱ። ከታች ከጀመራችሁ 500 መስጠት የሚችለው በ20 እጁን አንሥቶ ይቀመጣል፣ ሰጥቻለሁ ብሎ። የላይኛው ደረጃ ላይ ቢያንስ አንድ ቀድሞ ቃል የገባ ሰው ይኑር፤ የመጀመሪያው ጥሪ ጸጥታ ካጋጠመው ቀሪው ሁሉ ይቀዘቅዛል። እያንዳንዱ ደረጃ የሚገዛው ነገር ይነገር፦ የአንድ እትም ሙሉ ኅትመት፣ የአንድ እትም ወረቀት፣ የአንድ ጸሐፊ ክፍያ፣ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት የዓመት ምዝገባ። ቁጥር የሚመዘግቡ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቁሙ፤ ሲያልቅ ወረቀታቸው ይመሳከር።

የሚከበር ሰው ብትሰይሙም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ፓሪስ ሪቪው የተባለ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት በፀደይ በሚያደርገው የገቢ ማሰባሰቢያ ምሽት ላይ ለአንድ ጸሐፊ ሽልማት ይሰጣል፤ የዚያ ሰው ወዳጆችና አሳታሚዎች ጠረጴዛ ይይዛሉ።

በር ከተከፈተ ጀምሮ በደቂቃ፦ እስከ 50 መግባት፣ ፎቶ፣ ጨረታ ማየት። 50 ላይ የ3 ደቂቃ ሰላምታ፣ ንባብ። 62 ላይ የልብስ ሰልፍ። 75 ላይ የጨረታው ግማሽ ይዘጋል። 80 ላይ ጥሪው፣ 90 ላይ ያልቃል። 105 ላይ ቀሪው ጨረታ። የውድድሩ ውጤት 110 ላይ፤ ከጥሪው በፊት ከተነገረ ተሸናፊው ካፖርቱን ይፈልጋል። የመጽሔቱን የ25 ዓመት ታሪክ ከመድረክ አትተርኩት፤ መታሰቢያ ቅጂው ላይ አለ።

ጥሬ ገንዘብ ካለ ሁለት ሰው ይቁጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሣጥኑ በየሰዓቱ ይራገፍ። ደረሰኙ ላይ እንግዳው የተቀበለው ነገር ግምትና ልገሳው ተለይተው ይጻፉ፤ በብዙ አገር የግብር ቅናሽ የሚያገኘው ሁለተኛው ብቻ ነው። ምስጋናው በ48 ሰዓት ውስጥ ይድረስ።

የኅዳግ_ማስታወሻ
አመሰግናለሁ፣ ዕቅዱ እንደ አዲስ ይጻፋል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ፎቶ መነሣት የማይፈልግ ሰውስ? ጭምብል ያደረገው ሁሉ ፎቶውን ይፈቅዳል ብለን እናስብ?

ነጠላ_ሰረዝ
አይታሰብም፤ ጭምብሉን የመረጠው ላለመታየት ሊሆን ይችላል። ትኬት ሲገዛ ይጠየቅ፤ ያልፈቀደው የአንገት ካርዱ ገመድ ቀይ ይሁን፣ ፎቶ አንሺው ከሩቅ ይለየዋል። ለሌላው ሰው ሁለት ሁለት አንሡ፣ አንዱ ከጭምብል ጋር፣ አንዱ ያለ ጭምብል። መብራቱን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከሁለት ጎን አድርጉት፣ አለዚያ የጭምብሉ ጥላ ዓይኑን ይውጠዋል።

መርፌና_ክር
ቀዩ ገመድ ከቀይ ልብስ ጋር ይጠፋል። ሁለት ቀለም ያለው ይሁን።